መልሼ ያሸግሁት መረብ

ይህን የምጽፈው አንዲት ሴት የእኔን ጥፋት የራሷ ጥፋት አድርጋ ተሸክማው ስለምትኖር ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ለእህቴ አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአት ስዘረዝርላቸው፣ ይህን አልፌው ሄጃለሁ። ትንሹን የማበዛው ትልቁ እንዳይጠየቅ እንደ ነበር አሁን ይገባኛል። አንባቢ ሆይ፣ አንተ አታውቀኝም፤ ስለዚህም ለአንተ መናገር ይቀለኛል። ይህም ራሱ አንድ ዓይነት ፈሪነት መሆኑን አውቄ እጀምራለሁ።

እህቴ በዕድሜ በብዙ ትበልጠኛለች። እታለም እላታለሁ። አባትና እናታችን ሲሞቱ እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርሁ። እሷ ሮም ሄዳ በሰው ቤት እየሠራች፣ እኔን ገርጂ አባታችን በተወልን ቤት ከአክስታችን ጋር አስቀምጣ አሳደገችኝ። በዓመት አንድ ጊዜ በመንገደኛ እጅ ካርቶን ትልክልን ነበር፤ ካርቶኑን የምከፍተው ሁልጊዜ እኔ ነበርሁ። አክስቴ ቢላዋውን ሰጥታኝ ዘወር ትላለች፤ እኔ ገመዱን እቆርጣለሁ፤ ከሹራቡና ከሳሙናው ሥር ሁልጊዜ መጽሐፍ አገኛለሁ። ካነበብሁት ብዙው ከዚያ ካርቶን የወጣ ነው። ለዚህ ነው እህቴ እስከ ዛሬ ሊቁ እያለች የምትጠራኝ፤ ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ቀልድ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠቅልላ መጣች። አክስታችን ዐርፋ ስለ ነበር ሁለታችን ብቻ በዚያ ቤት መኖር ጀመርን። ያን ጊዜ ገርጂ ግማሹ ሰፈር፣ ግማሹ ማሳ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ከእግር ጫማ ያስቀራል። እህቴ አንድ ሐሳብ ነበራት፤ ሮም የተማረችውን ዳቦና ኬክ ቦሌ መንገድ ዳር በተከራየቻት ትንሽ ቤት እየጋገረች መሸጥ። ምድጃው ተገዝቶ ገብቷል። መደርደሪያው ተሠርቷል። ቤቱ ግን አይከፈትም። ዛሬ ነገ ትላለች፣ ምክንያቷን ግን አትናገርም። ያን ጊዜ ነው መጠራጠር የጀመርሁት።

መጠራጠር ሥራዬ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ጡረታቸው የተቃረበ አንድ አለቃ ነበሩኝ፤ አቶ ታደሰ እላቸዋለሁ፣ ስማቸው ግን ይህ አይደለም። ባለፈው ዘመን የሰው ደብዳቤ ከፍቶ አንብቦ መልሶ ማሸግ የዕለት ሥራቸው ነበር። ሥራው ከዘመኑ ጋር ቢቀርም እጃቸው አልረሳም። አንድ ቀን እንደ ጨዋታ አድርገው አስተማሩኝ። የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጥደው፣ አንድ ያረጀ ፖስታ በእንፋሎቱ ላይ ይዘው፣ "አትቸኩል" አሉኝ። "ደብዳቤ ራሱን ይከፍታል። ያንተ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው።" ከዚያም በቀጭን ብሩሽ ሙጫ ቀብተው፣ በወፍራም መዝገብ ተጭነው አሳዩኝ። መታሸጉ ከመጀመሪያው ይልቅ ያማረ ሆነ። እኔም በሙያው ተደነቅሁ። በዚያ ሙያ ስንት ሰው እንደ ጠፋ ለምን አልጠየቅሁም? አልጠየቅሁም።

በቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገርህ። እህቴ ከሮም ይዛ በመጣችው ቀሚስ ሥር መቀነት ታጠብቅ ነበር። የውኃ ጀሪካን አታነሣም፤ የጎረቤታችንን ዘበኛ ትጠራለች። ስታስል ወይም ስትስቅ በመዳፏ ሆዷን ትደግፋለች። ከእምብርቷ በታች ሆዷ ወደ አንድ ጎን እየገፋ መጣ፤ መቀነቱም ሊደብቀው አልቻለም። ስልክ ሲደወል በሩን ዘግታ በጣልያንኛ ታወራለች። አልፎ አልፎ አንድ ነጭ መኪና ከመንገዳችን ጥግ ይቆምና ትገባለች፤ የሚነዳው ጎልማሳ ጣቱ ላይ የጋብቻ ቀለበት አለው።

"እታለም፣ ወፈርሽሳ" አልኋት አንድ ቀን፣ ምሳ ላይ።

"የሮም ፓስታ ነው፤ ገና አልወጣልኝም" አለችና ሳቀች። ስትስቅ እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። "አንተ ደግሞ ሰው ሆድ ላይ ምን ጣለህ? መጽሐፍህን አታነብም?"

እኔ አልሳቅሁም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ጠፍቼ፣ እሷ በተሳፈረችበት ውይይት ታክሲ ኋላ ሌላ ተሳፍሬ ቦሌ ድረስ ተከተልኋት። ክሊኒክ ያለበት ፎቅ ውስጥ ገባች። ነጩ መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ክሊኒክ መሆኑን ሳይ ታማ ይሆን ብዬ መደንገጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ያገኘሁ መሰለኝ። አርግዛለች፤ ከባለትዳር ሰው አርግዛለች፤ ሰውየውም ሐኪም ነው፤ ዳቦ ቤቱ የማይከፈተውም ለዚህ ነው አልሁ። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። የሚጠራጠር ሰው ማስረጃ እንደማያጣ መጻሕፍቴ አላስተማሩኝም ነበርን? አስተምረውኛል። ያነበብሁት ስለ ሌላ ሰው ነበረ እንጂ ስለ ራሴ አልመሰለኝም።

ለምን አልጠየቅኋትም? የቤቱ ወንድ እኔ ነኝ ብዬ ስለማስብ ነው። የአባታችን ስም በእድር መካከል በክፉ ሲነሣ እየታየኝ ነበር። በእሷ ላብ ተምሬ፣ በእሷ መጻሕፍት አእምሮዬን ሞልቼ፣ የእሷ ጠባቂና ዳኛ ሆኜ ተሾምሁ። የሾመኝ ግን እኔው ነበርሁ።

እሽጉ የመጣው በዚህ መካከል ነው። እህቴ ጉንፋን ይዟት ተኝታ ነበር። ጠዋት ስልክ ተደወለላትና ጠራችኝ።

"ሊቁ፣ ከሮም አደራ ዕቃ መጥቶልኛል። ቦሌ ሄደህ ተቀበልልኝ።" አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። "እንዳለ አምጣልኝ፤ እንዳትከፍተው፣ እሺ?"

በልጅነቴ ከሮም የመጣውን ሁሉ የከፈትሁት እኔ ነኝ። እንዳትከፍተው ተብዬ አላውቅም። ይህ አንድ ቃል ከሆዷም ከመኪናውም ይልቅ ወጋኝ።

መንገደኛዋ በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሻንጣዎቿን ከብባ የቆመች፣ እድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ነበረች። እሽጉን ከእጅ ቦርሳዋ አወጣች እንጂ ከሻንጣ አላወጣችም።

"ፈታሹ ክፈቺው ብሎኝ ስንት ተለማመጥኩ መሰለህ የኔ ልጅ" አለችኝ። "ለታመመ ሰው ነው፣ አየር አይንካው ብለውኛል፣ እባክህ አልኩት። እሱም ሰው ነው፤ አዘነና ተወው። በል፣ ከእኔ ጫንቃ ወረደ፤ አሁን ባንተ ላይ ነው።"

"አይስጉ" አልኋት።

ለታመመ ሰው ነው ማለቷን ሰምቻለሁ። ማንም መንገደኛ ለፈታሽ የሚለው ይህንኑ ነው ብዬ አላመንኋትም። ወደ ቤት መሄድ ሲገባኝ ወደ መሥሪያ ቤቴ ሄድሁ። የምሳ ሰዓት ነበር፤ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። በሩን ቆልፌ ማንቆርቆሪያውን ጣድሁ። ፈታሹ ያልከፈተውን ወንድሟ ከፈትሁት።

የላዩ ወረቀት በእንፋሎት ተለቀቀ። ከውስጡ ካርቶን፣ ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ፊቱ ወረቀት፣ ሌላው ፊቱ የሚያሳይ ላስቲክ የሆነ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ከረጢት ነበር። ይህን ያህል የሚደበቅ ምን ነገር ነው አልሁ። በምላጭ ጠርዙን ቀስ ብዬ ለያየሁት፤ ሁለተኛውንም። በመጨረሻ የወጣው ከመዳፍ ሰፋ ያለ፣ ነጭ፣ ቀዳዳዎቹ የረቀቁ መረብ ነው። ሙሽሮች ፊታቸውን የሚሸፍኑበትን ዓይነ ርግብ መሰለኝ። በድብቅ ልትጋባ ነው አልሁ። አንሥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋሁት፤ የመዝገብ አቧራና የሙጫ ቅሪት ባለበት ጣቴ ዳሰስሁት፤ ከዓይነ ርግብ ሻከር ብሎ አገኘሁት። በጠረጴዛው ላይ፣ የጠዋት ሻይ በደረቀበት ቦታ፣ አነጠፍሁት።

ከዚያ በኋላ ነው በካርቶኑ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት ያየሁት። የሰው ሆድ ሥዕል ነበረበት፤ ጡንቻው ተከፍቶ፣ መረቡ ተነጥፎበት፣ በክር ዙሪያውን ተሰፍቶ። ዕቃው ለቀዶ ጥገና መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ከሥዕሉ በታች በብዙ ቋንቋ አንድ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ጣልያንኛ አላውቅም። እንግሊዝኛውን ግን አነበብሁት፤ ከረጢቱ ከተከፈተ ወይም ከተጎዳ መረቡን አትጠቀሙበት ይላል። አነበብሁት። በሚገባ አነበብሁት፤ ደግሜም አነበብሁት። ቋንቋው አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳልዋሽ፣ ያን ቋንቋ ከደመወዟ እየከፈለች ያስተማረችኝ እህቴ ናት።

እዚህ ላይ ቆም በል፤ እኔም ልቁም። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ነውር ነው፤ ቢሆንም ገና የሚመለስ ነበር። እሽጉን እንደ ተከፈተ ይዤላት ሄጄ፣ "እታለም፣ ከፈትሁት፤ ሌላ ይላክልሽ" ማለት እችል ነበር። ሌላ ይላክ ነበር። ትዘገይ ነበር እንጂ ምንም አትሆንም ነበር። ግን ለምን ከፈትኸው ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? አርግዘሻል ብዬ ነው ልበላት? እህቴ ስለ እሷ ያሰብሁትን እንዳታውቅብኝ ፈራሁ። ከአካሏ ይልቅ በእሷ ፊት ያለኝ ክብር በለጠብኝ። መረቡን አጥፌ ወደ ከረጢቱ መለስሁ። በቀጭኑ ብሩሽ ሙጫ ቀባሁ። በመዝገብ ተጫንሁት። አቶ ታደሰ እንዳስተማሩኝ አልቸኮልሁም። መልሼ አሸግሁት፤ እጅግ አሳምሬ አሸግሁት።

ቤት ስደርስ እህቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ ተቀበለችኝ፤ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አልተከፈተም አይደል?"

"ምን አደርግበታለሁ ብለሽ?" አልኋት።

መልስ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። ውሸት አልተናገርሁም ብዬ ያን ቀን ራሴን አጽናናሁ።

ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት በነበረው እሑድ፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ፣ ሳልጠይቃት ሁሉንም ነገረችኝ። ሮም ሳለች ጡቷን ካንሰር ይዟት ነበር፤ አንዱን ቆርጠው አወጡት። ከዚያ ከሆዷ ጡንቻና ሥጋ ወስደው አዲስ ጡት ሠሩላት። ስትነግረኝ መሬት መሬት እያየች ነበር።

"ሰው አይወቅብኝ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። እንኳን ለወንድም ለእናትም ይከብዳል" አለች። "ጡቱ ዳነ። ሆዴ ግን ጡንቻው ስለ ተወሰደ ሳሳ፤ አንጀቴ እየገፋው ነው። መስፍን፣ አብሮኝ የተማረው ሐኪሙ፣ አገር ውስጥ መረብ ስላላገኘ ሮም ሆስፒታል ያከሙኝ መነኮሳት ናቸው የላኩልኝ። መረቡን ከውስጥ ያነጥፉትና ሥጋዬ በቀዳዳው እያለፈ አብሮት ያድጋል አሉ። አይገርምህም? ከዚያ በኋላ የዱቄት ጆንያ እንኳ አነሣለሁ። አንተንም ጭምር፣ ከነመጻሕፍትህ።"

ሆዷን ደግፋ ሳቀች። ነጩ መኪና፣ የተዘጋው በር፣ መቀነቱ፣ ሁሉም በዚያች ፀሐይ ላይ ተፈታ። ያን ጊዜ መናገር አልነበረብኝምን? መረቡ ገና በቁም ሣጥኗ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ ሳያፈላው አይቀርም ብዬ አሰብሁ፤ ፈረንጆች ለጥንቃቄ ሲሉ ያጋንናሉ ብዬ አሰብሁ፤ እጄ ያን ያህል ቆሻሻ አልነበረም ብዬም አሰብሁ። ያነበበ አእምሮ ለፈሪ ሰው ሰበብ አያጣለትም። "እግዚአብሔር ይርዳሽ" አልኋት።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ዶክተር መስፍን ወጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ይህን ሰው በልቤ እንዳዋረድሁት አያውቅም። ሳምንት አልፎ ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል ግን እህቴ ትኩሳት ያዛት። ቁስሉ ቀላ፤ ከዚያም መግል መያዝ ጀመረ። በመርፌ መድኃኒት ቢሞክሩም አልበረደም። በመጨረሻ ሆዷን እንደገና ከፍተው መረቡን አወጡት። ሥጋዋ በቀዳዳዎቹ ማደግ ጀምሮ ስለ ነበር ከሥጋዋ ጋር ነው የወጣው።

ዶክተር መስፍን ፊቱ ጠቁሮ በኮሪደሩ ላይ አስቆመኝ።

"የኔ ወንድም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ። "እሽጉን የተቀበልከው አንተ ነህ። እጅህ ላይ ሲደርስ እንደ ታሸገ ነበር?"

"አዎ ዶክተር፤ እንደ ታሸገ ነበር" አልሁት።

እጄ ላይ ሲደርስ በእርግጥ እንደ ታሸገ ነበር። ቃሌን እንደ ጠበቃ መዝኜ ተናገርሁ። እሱም ራሱን ነቀነቀና፣ "እንግዲያው ጥፋቱ ከእኛ ነው" ብሎ ሄደ። እኔም አስሄድሁት።

ከዚያ ወዲያ ሆስፒታሉ እርስ በርሱ ይጠራጠር ጀመር። በቀዶ ጥገናው ክፍል መሣሪያ የምታዘጋጀውም፣ በኋላም የእህቴን ቁስል የምትጠርገውም አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሲስተር አበበች እላታለሁ። እህቴን ትወዳት ነበር፤ ፋሻ ስትቀይር እያጫወተች ሕመሙን ታስረሳታለች። እህቴ በትኩሳቱ መካከል፣ "ከምን መጣብኝ ትላለህ ሊቁ?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ አስታማሚዎችና የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ በሚሰሙበት ቦታ፣ እንዲህ አልሁ፦ "ያቺ ነርስ ፋሻ ከመቀየሯ በፊት እጇን ስትታጠብ አላየኋትም።"

አላየኋትም ማለቴ እውነት ነበር። ስትታጠብ ላያት የምችልበት ቦታ አልቆምሁም፤ መታጠቢያው ከክፍሉ ውጭ ነው። ይህን እያወቅሁ ተናገርሁት። ቃሉ ከእኔ አፍ ወጥቶ ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ሄደ። ሲስተር አበበች በወሩ መጨረሻ ከሥራዋ ተሰናበተች። ከመሄዷ በፊት ወደ እህቴ አልጋ መጥታ፣ "ይቅር በይኝ፣ ከእኔም ከሆነ ሳላውቅ ነው" ስትላት እኔ በመስኮቱ አጠገብ መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ገጽ ገለጥሁ። ያን ገጽ አላነበብሁትም።

እህቴ ከሞት ተረፈች። ሆዷ ግን ከበፊቱ ይልቅ ሳሳ። ሐኪሙ ቁስሉ ሲደርቅ ሌላ መረብ እናስመጣለን ቢላትም እሷ እንቢ አለች። "አካሌ አልተቀበለውም፤ ደግሜ አልሞክርም" አለች። አካሏ መረቡን አልጠላም፤ የጠላው የእኔን እጅ ነው፤ እሷ ግን አካሏን ከሰሰች። የቦሌውን ቤት ለባለቤቱ መለሰች፤ ምድጃውን ሌላ ሰው ወሰደው። ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለጎረቤት ልጆች ጣልያንኛ ታስተምራለች፤ ስትስቅ አሁንም ሆዷን ትይዛለች፤ አሁን ግን በሁለት እጇ ነው።

አንዳንዴ አንድ ሰበብ ይመጣብኛል፤ ቁስል በብዙ ምክንያት ይመግላል፣ ከእኔ ጣት መሆኑን ማን ያውቃል ይለኛል። እውነት ነው፤ ማንም አያውቅም። ማንም ሊያውቅ ያልቻለው ግን እኔ ስለ ዋሸሁ ነው። በገዛ ውሸቴ የተፈጠረውን ጥርጣሬ ለራሴ መጠለያ ላደርገው? አላደርገውም።

በቅርቡ መገናኛ ላይ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ አንዲት ሴት በስሜ ጠራችኝ። ሲስተር አበበች ነበረች። መርፌ በየቤቱ እየሄደች እንደምትወጋ ነገረችኝ፤ ሌላ ሆስፒታል አልተቀበላትም።

"እህትህ እንዴት ናት? ሆዷ ተሻላት?" አለች፤ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነበር።

"ደህና ናት" አልኋት። ልትጨብጠኝ እጇን ዘረጋች። እጇ ተሰነጣጥቋል፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተልጦ ቀልቷል። ማየቴን አይታ ልትሰበስበው ፈለገች።

"ሳሙና ነው" አለች፣ አፍራ ፈገግ እያለች። "ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ከመንካቴ በፊት ታጥቤ፣ አልታጠብኩም ይሆን እላለሁ፤ ደግሜ እታጠባለሁ፤ እንደገናም። ልጆቼ እማዬ ውኃ ጨረስሽ እያሉ ይስቁብኛል። የዚያን ጊዜ መታጠቤን እርግጠኛ ነበርኩ እኮ። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።"

ታክሲዬ መጣ። ተሳፈርሁ። በዚያም ቀን አልተናገርሁም።

የእኔን ጥርጣሬ በሰው እጅ ላይ ጥዬው ሄጄ፣ በዚያ እጅ ላይ ሲኖር አየሁት። ስለዚህ ጻፍሁ። ነገ ይህን ወረቀት አስቀድሜ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለእህቴ፣ ቀጥሎ ለዶክተር መስፍን አነባለሁ፤ በፖስታ አላሽገውም። ይቅርታ አልጠይቅም፤ ብጠይቅ እህቴ ወዲያው እንደምትሰጠኝ ስለማውቅ ነው። የጠፋውን ግን መቍጠር አለብኝ።

አንድ መረብ። አንድ ዳቦ ቤት። የአንዲት ሴት ሥራ። የአንዲት ሴት ሆድ። ሁለት እጆች።